ታደለ የሰፋው አረንጓዴ ካባ

መቼ እንደነበር በትክክል አላውቀውም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር ልበል፣ ዐሥርም ሞልቶኝ ይሆናል። እናቴ በሕይወት ሳለች ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ሁለታችንም አናነሣውም ነበርና ሳልጠይቃት ቀረሁ። የማስታውሰው ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም የጀመረበት፣ ክረምቱ ግን ገና ያልገባበት ጊዜ መሆኑን ነው። ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ የሚያወጣው መንገዳችን ያኔ አፈር ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው የሚሸተው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ናሆም ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኡራኤል፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ሳለ፣ ናሆምና አንድ ጓደኛው ከሲኒማ ተመለሱ። ከኮሚክ መጽሐፍ የተወሰደ የጀግና ፊልም አይተው ነው የመጡት። ገና ደረጃው ላይ ቁጭ ከማለታቸው ጭቅጭቅ ጀመሩ።

«አቦ ልብሱን አበላሹት» አለ ናሆም። «ኮሚኩ ላይ ብርቱካንማ ነው። እነሱ እንደ ሞተረኛ ጥቁር ጎማ አለበሱት።»

«እና ብርቱካንማ ቢያለብሱት የመንገድ ሥራ ሰደርያ አይመስልም?» አለ ጓደኛው።

«ይምሰላ። ልብሱ እኮ እሱ ነው።»

«ፋራ ነህ። ፊልም ሌላ፣ ኮሚክ ሌላ። ወረቀት ላይ የሚያምር ነገር ሰው ላይ ሲሆን ያስቃል።»

«ማለቴ… ልብሱን ከቀየርከው ሰውዬውንም ቀየርከው። በቃ።»

ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ፣ «ለመሆኑ የሰውዬው ልብስ ቀለሙ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የቱ ላይ አባባ?» አለ ናሆም። «ኮሚኩ ላይ ነው ፊልሙ ላይ?»

በዚያችው ቅጽበት ሠራተኛዋ ከጓሮ የደፋችው የሞቀ ሳሙና ውኃ ሸተተኝ። ናሆም የጠየቀኝን ጥያቄ እኔም በልጅነቴ ስንት ቀን ተጨቃጭቄበታለሁ። ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ። ልጆቹ ያስቀየሙኝ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች። ካዛንቺስ፣ ጣልያን ከሠራቸው ቪላዎች ባንዱ ለሚኖሩ ፈረንጆች ነው የምታጥበው። ማዳም የምንላት የቤቱ እመቤት ልብሱን ወደ ቤታችን ወስዳ እንድታጥብ ፈቅዳላት ስለነበር፣ ግቢያችን ከሰኞ እስከ ዐርብ በሰው ልብስ ይሞላል። እኔ ውኃ አቀብላለሁ፣ ገመድ ላይ አሰጣለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ እየሮጥኩ እሰበስባለሁ። አባት አልነበረኝም። የሁለታችን እንጀራ ከዚያ የቆርቆሮ ገንዳ ነበር የሚወጣው፤ ይኼን በልጅነቴም ቢሆን አውቀው ነበር። አላውቅም ነበር ብል መዋሸት ነው።

አንድ ቀን ማዳም የተራረፈ ሳሙና ለእናቴ የጠቀለለችበት ወረቀት፣ ሲፈታ የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። ባለቀለም ነው። የሚያነበው ስለሌለ እኔ ከኋላ ወደ ፊት ገለጥኩት። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ከአፋቸው አጠገብ ነጭ ክብ ነገር ይወጣል፤ ብርድ ያለበት አገር ስለሆነ ትንፋሻቸው ነው ብዬ አመንኩ። ዋናው ሰውዬ ከአንገቱ እስከ እግር ጣቱ ሰውነቱ ላይ የተጣበቀ አረንጓዴ ልብስ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ነጭ ጎራዴ ተሥሎበታል፤ ከኋላው አረንጓዴ ካባ ይበርራል። እኔ ካባ ለብሶ የማውቀው ሙሽራና መኳንንት ብቻ ነበር።

«ይኼ ሰውዬ ሙሽራ ነው?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

እጇን በቀሚሷ አብሳ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለች። «ሙሽራስ አይደለም። ሙሽራ ቢሆን የውስጥ ሱሪውን ከሱሪው በላይ አይለብስም ነበር። የሚያለብሰው የሌለው ምስኪን ነው» አለችኝ። ቀጥላም እንደ ሥራዋ፣ «ደግሞ ይኼ አረንጓዴ ክፉ ነው። ይለቃል» አለች።

መጽሐፉን ብብቴ ሥር ይዤ ታደለ ጋ ሮጥኩ።

ታደለ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እናትና አባቱ ሞተውበት አጎቱ ጋ ነበር የሚኖረው። አጎቱ አቶ ገብሬ ካዛንቺስ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀኑን ሙሉ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ስለሚውሉ ሲናገሩ የሰማኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። ታደለ ይተኩሳል፣ ክር ይለቅማል፣ የተሰፋ ያደርሳል፤ መኪናው ላይ እንዲቀመጥ ግን አይፈቀድለትም። ምኞቱ ሁሉ መኪናው ላይ መቀመጥ ነበር።

በዚያው ሳምንት አቶ ገብሬ የአንድ ሲኒማ ቤት አስተናጋጆችን የደንብ ልብስ ሰፍተው ታደለን አድርስ ብለው ልከውት ነበር። ልብሱን የተቀበለው ሰው ደስ ቢለው ታደለን ከኋላ ቆሞ ፊልም እንዲያይ ፈቀደለት። እኔ መጽሐፉን ሳሳየው ገና ሽፋኑን አይቶ፣ «ይኼን ሰውዬ አይቼዋለሁ» አለኝ።

«የት?»

«ፊልም ላይ ነዋ። ደረቱ ላይ ጎራዴ አለው። ካባ አለው። ግን ልብሱ ይኼ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«ጥቁር ነው። ጥቁር እንኳ ባይሆን ከሰል የመሰለ ነው።»

«መጽሐፉ ላይ አረንጓዴ ነው።»

«ፊልሙ ላይ ጥቁር ነው አልኩህ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን አንተ በወረቀት ትከራከረኛለህ?»

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። ፊልሙ ባለቀለም አልነበረም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። እኛ ግን ይኼን ከየት እናውቀው? እኔ ፊልም አይቼ አላውቅም። ታደለም በዕድሜው ያየው ያን አንዱን ነው፤ እሱንም ጨለማ ውስጥ ቆሞ ስላየው፣ ነገሩ ሁሉ የጠቆረው በቤቱ ጨለማ መሰለው። ፎቶ እንኳ ብትሉ፣ እኛ የምናውቀው የሰፈራችን ፎቶ ቤት መስኮት ላይ የተሰቀሉትን ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከንፈራቸው ቀይ፣ የነጠላቸው ጥለት አረንጓዴ ነው።

እኔ መጽሐፉን እንጂ ፊልሙን አላየሁም። እሱ ያየውን ፊልም ዳግመኛ የሚያሳየው የለም። ስለዚህ ጭቅጭቁ ማለቂያ አልነበረውም። ታደለ የልብስ ሰፊ ቤት ልጅ ነውና ነገሩን በስፌት ነበር የሚመረምረው።

«አዝራሩ የት ነው?» ይለኛል። «በየት ገብቶ ነው የለበሰው? መጽሐፉ ላይ ስፌት የለውም። ስፌት የሌለው ልብስ ደግሞ የለም። ፊልሙ ላይ በጎኑ ስፌት አለው፤ ጉልበቱም ከረጢት ሠርቷል። እውነተኛው የፊልሙ ነው።»

እኔ ደግሞ የአጣቢ ልጅ ነኝ። «ጉልበቱ ከረጢት የሠራው ሲታጠብ ተለጥጦ ነው። ቀለሙም ድሮ አረንጓዴ ነበር፤ በመጥፎ ሳሙና አጥበውት ለቀቀ። እማዬም ይለቃል ብላለች።»

«የለቀቀ አረንጓዴ ይነጣል እንጂ ይጠቁራል?»

«ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይጠቁራል።»

«ዋሸህ።»

እውነቱን ነው፣ ዋሽቼ ነበር።

የሰፈሩ ልጆች ለሁለት ተከፈሉ። ከሰዓት በኋላ አቶ ገብሬ በረንዳ ሥር ተሰብስበን እንጮሃለን። አንዱ፣ ካባው ሲሮጥ እግሩ ውስጥ ገብቶ ይጥለዋል ይላል። ሌላው፣ ካባ ከሌለውማ በምን ይታወቃል ይላል። የውስጥ ሱሪውን ለምን ከላይ እንደለበሰ ስንከራከር፣ አንድ ትንሽ ልጅ፣ «ሰው ሲጮህ ሰምቶ በጥድፊያ ለብሶት ነው» አለ። ይኼኔ አቶ ገብሬ መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ።

«እንዲህ የጠበበ ሱሪ ሲቀመጥ መቀመጫው ይተረተራል» አሉ። «እኔም ብሆን እደርብበት ነበር።» መርፌውን መልሰው ያዙ። ያን ቀን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በዚያ በረንዳ የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ እሱ ይመስለኛል።

ከጥቂት ቀን በኋላ ክርክሩ መረረ። ታደለ መጽሐፉ የሕፃን ነው አለኝ። እኔም የማይሆን ነገር አልኩት፤ ፊልሙን ያየኸው በልመና ነው፣ እኔ መጽሐፉን ሳልለምን ነው ያገኘሁት አልኩት። ታደለ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ሳምንት ያህል ተኳረፍን።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት ታደለ ሸሚዙ ውስጥ የሆነ ነገር ደብቆ ግቢያችን መጣ። ሲያወጣው ካባ ነው። አጎቱ ከሚጥሉት የገበር ቁርጥራጭ አረንጓዴ አረንጓዴውን ለይቶ፣ እንደ እጄ መዳፍ ትናንሽ የሆኑትን ሁሉ አጋጥሞ በእጁ ሰፍቶታል። ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ያለ ነው። አንገቱ ላይ ማያያዣ አድርጎለታል።

«እንካ» አለኝ። «አረንጓዴ ነው።»

«አሸነፍኩህ ማለት ነው?»

«ዝም ብለህ ልበሰው።»

አመሰግናለሁ አላልኩትም። ካባውን አንገቴ ላይ አስሬ ሰፈሩን ዞርኩ፤ ታደለ አመነ፣ ታደለ ተሸነፈ እያልኩ ለየልጁ አወራሁ። ወሬው ደረሰውና ማታውን በራችን ላይ መጥቶ፣ «እኔ አላመንኩም» አለኝ። ተቆጥቷል፤ ግን በኀዘን ነው የተቆጣው። «ሲታጠብ ይጠቁራል ብለሃል አይደል? እጠበውና እንይ። ነገ መጥቼ አያለሁ።»

በማግስቱ እናቴ የማዳምን ነጭ ልብስ በትልቁ ገንዳ እሳት ላይ ጥዳለች። አንሶላ ነው፣ ከጫፉ ጥልፍ ያለው የጠረጴዛ ልብስ ነው። ማዳም ጥልፉን እናቷ ናት የጠለፈችው ብላ ለእናቴ በእጅ ምልክት አስረድታት ነበር፤ እናቴም እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው ልጅ ነበር የምትይዘው። ውኃ ስላነሳት ባልዲ ይዛ ወደ ቧንቧ ወረደች። «እሳቱን ጠብቅ» አለችኝ።

ቀለም ሲለቅ ወዴት እንደሚሄድ አስቤ አላውቅም ነበር። እንደ እንፋሎት ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ሌላ የሞቀ የሳሙና ውኃ አልነበረንም። ካባውን በማማሰያው እንጨት ጫፍ ገንዳው ውስጥ ገፋሁትና ክዳኑን መለስኩ።

ከፍቼ ሳየው ውኃው ጎመን የተቀቀለበት መስሏል። ካባውን ጎትቼ አወጣሁት፤ አልጠቆረም፤ ፈዘዝ ብሏል እንጂ አረንጓዴ ነው። አንሶላውን ብድግ ባደርገው እሱም አረንጓዴ ነው። የጠረጴዛው ልብስ ጥልፉ ሳይቀር አረንጓዴ ነው።

እናቴ ባልዲዋን ተሸክማ ገባች። መጀመሪያ ገንዳውን አየች፤ ቀጥሎ ካባውን፤ ቀጥሎ እኔን። ባልዲዋን ስታስቀምጥ ውኃው እግሯ ላይ ፈሰሰ፤ አልተሰማትም።

«ማነው?» አለችኝ።

«ታደለ ነው» አልኳት። «ታደለ ነው የከተተው።»

ታደለ በገዛ ቀጠሮው ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰምቷል። እናቴ ዞር ስትል እሱን አገኘችው። አንድ ቃል ሳትጨምር ክንዱን ይዛ፣ ካባውን በሌላ እጇ አንጠልጥላ ወደ ካዛንቺስ ወጣች። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። ካባው እስከ አቶ ገብሬ በረንዳ ድረስ መንገዱ ላይ ሲንጠባጠብ ነበር።

አቶ ገብሬ የእናቴን ክስ ሰምተው፣ ካባውን ተቀብለው ገልብጠው ስፌቱን አዩ።

«ይኼ ስፌት ያንተ ነው?» አሉት።

«አዎ» አለ ታደለ።

ሌላ የጠየቁት የለም። የመለኪያውን እንጨት ሲያነሡ ታደለ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ። አልለመነኝም፤ አልተቆጣኝም። የምናገረውን ነገር የሚጠብቅ ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ። ጊዜ ነበረኝ። አንድ ቃል የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። እኔ የእግሬን ጣት አየሁ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ቆሞ ነበር፤ እንጨቱ የተሰበረው በስንተኛው እንደሆነ አልቆጠርኩም። በሦስተኛው ቀን አቃቂ የምትኖር አክስቱ መጥታ ታደለን ወሰደችው።

እናቴ አንሶላውን በሎሚ አሸች፣ ደጋግማ ቀቀለች። ፀሐይ ያስፈልጋት ነበር፤ ያን ሳምንት ግን ዝናቡ ገባ። በመጨረሻ እንደሆነው አጣጥፋ ወሰደችለት። ማዳም አልጮኸችም አሉ። ጥልፉን በጣቷ እየዳሰሰች አለቀሰች፤ ከዚያም ዳግመኛ እንዳትመጣ ነገረቻት። እናቴ ስትመለስ ገንዳውን ገልብጣ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት። የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር እላለሁ። አልተናገርኩም። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤትም ሳልመለስ ቀረሁ።

ያን ክረምት፣ ማዳም ካሰናበተቻት በኋላ፣ እናቴ ከየቤቱ ያገኘችውን ጥቂት ጥቂት እያጠበች ነበር። ከነዚያ አንዱ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነጭ ካፖርት ነው፤ ሁልጊዜ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ቡናማ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሰውዬውን ሰፈሩ ጋሼ ፎቶ ይላቸው ነበር። ፎቶ ሊያነሡ ሲሉ፣ «ማሳል ያማረው አሁን ያስል፣ ኋላ አልሰማም» ይላሉ። ከውስጥ መስኮት የሌለው ክፍል ስላላቸው እኛ ልጆች ቀን ቀን የሚተኙበት ይመስለን ነበር።

ካፖርቱን ሳደርስላቸው እጄን አዩት። «እጅህ ውኃ የለመደ ነው» አሉኝ። «የክረምት ሠርግ አይኖርም ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። ፎቶ ታለቀልቅልኛለህ?»

እሺ አልኩ። ቤት ከእናቴ ጋር ከመቀመጥ የትም ብሆን ይሻለኝ ነበር።

ያ ክፍል ኮምጣጤ የመሰለ ሽታ አለው። አንዲት ቀይ አምፖል ብቻ ትበራለች። ነጩ ወረቀት ውኃው ውስጥ ገብቶ ሰው ሲወጣበት ሳይ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ሥራዬ እያገላበጥኩ ማለቅለቅ ነው። አንድ ቀን የሙሽሪት ፎቶ እያለቀለቅኩ፣ ያለ ወትሮዬ አፌ ተከፈተ።

«ጋሼ፣ የዚች ቀሚስ ቀለሙ ምን ነበር?»

«ቆይ ደብተሬን ልይ» አሉ። «እኔ እንጃ፤ አረንጓዴም ይሆናል፣ ቀይም ይሆናል። ማሽኑ ቀለም አያውቅም። አረንጓዴውንም ቀዩንም ግራጫ አድርጎ ነው የሚያመጣው። እኔ ነኝ ደብተር ላይ ጽፌ ይዤ ኋላ በጥጥ የምቀባው። ካልጻፍኩ ለአንዷ ቀይ ጥለት አረንጓዴ ቀብቼ መሳቂያ እሆናለሁ።»

«ፊልምስ?»

«ፊልምም ያው ፎቶ ነው፤ የሚሮጥ ፎቶ።»

ወረቀቱ ከእጄ ወደ ውኃው ተመለሰ። ያን ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ያን ገንዳ፣ ያን እንጨት አሰብኩት። መንገድ ተሻግረን እኒህን ሰው ብንጠይቃቸው ኖሮ ያልቅ ነበር። ማልቀስ ጀመርኩ። በሩን ከፍቼ ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

«በሩን ከከፈትከው ወረቀቱ ሁሉ ይበላሻል። የሰው ሠርግ ነው። እስኪያልቅ እዚሁ ቆይና ንገረኝ።»

መውጫ ስለሌለኝ ነገርኳቸው። ደግሞ በዚያ ቀይ ብርሃን ፊቴን በደንብ አያዩኝም ብዬ ነው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። የመጨረሻዋን ፎቶ ካሰጡ በኋላ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ «በል እንሂድ» አሉኝ።

«እርስዎም ይመጣሉ?»

«ብቻህን ከሄድክ ከመንገድ ትመለሳለህ። እኔም ብሆን እመለሳለሁ።»

እናቴ እየተኮሰች ነበር። ስናገር ካውያውን እሳቱ ላይ መለሰችው። ብትመታኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አንድም ጣት አላነሣችብኝም።

«ያን ልጅ ክንዱን ይዤ የወሰድኩት እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ወላጅ የለውም ብዬ እንኳ አላሰብኩም።» ይኼን ያለችው ለጋሼ ፎቶ ነው። እኔን አላየችኝም።

አቶ ገብሬ በረንዳ ስንደርስ መኪናቸውን አቆሙ። መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩት። ሰምተውኝ ሲጨርሱ ከመኪናቸው ቀና አሉ።

«ታዲያ ልጁ ለምን አልነገረኝም?» አሉ።

«ጠይቀኸው ነበር ገብሬ?» አሏቸው ጋሼ ፎቶ።

አቶ ገብሬ መርፌውን ከደረታቸው ነቅለው መልሰው ሰኩት። «ይመለስልኝ» አሉ በመጨረሻ። «መኪናው ላይ አስቀምጠዋለሁ በሉት።»

እሑድ ዕለት ጋሼ ፎቶ በአውቶቡስ ይዘውኝ አቃቂ ሄዱ። የታደለ አክስት የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ናት፤ እሱም እዚያው ከረጢት ያስራል። ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ሽማግሌ መስሎ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ እሞት ነበር።

«እኔ ነኝ የከተትኩት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እኔ እኮ እዚያ አልነበርኩም።»

ጋሼ ፎቶ ጀርባዬን በጣታቸው ነካ አደረጉኝ።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

ታደለ ዱቄቱን ከእጁ አራገፈ። «አጎቴ ምን አለ?»

«ተመለስ ብለዋል። መኪናው ላይ ሊያስቀምጡህ ነው።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ። «አልመለስም» አለ። «ሲመታኝ የሰፈር ልጅ ሁሉ ቆሞ እያየኝ ነበር።»

ሊገባብኝ ነው ብዬ ተርበተበትኩ። ያለኝ ስጦታ እሱ ብቻ ነበርና፣ «ልብሱ እኮ ጥቁርም ሊሆን ይችላል» አልኩት። «ማሽኑ ቀለም አያውቅም። ጋሼ ፎቶ ነግረውኛል። አልተሸነፍክም።»

ታደለ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጥቁር እንደሆነ እኔ መች አወቅኩ?» አለኝ። «ጨለማ ነበር፤ ደኅና አድርጌም አላየሁት። አንተ መጽሐፍ ነበረህ፤ እኔ ምንም አልነበረኝም። ጥቁር ነው ባልልህ ምን እናወራ ነበር?»

አክስቱ ከውስጥ ጠራችው። ገባ። ወፍጮው ተነሣና ሌላ ድምፅ አላሰማ አለ።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ይቅር ይለኛል?» ብዬ ጋሼ ፎቶን ጠየቅኳቸው።

«እሱ የእሱ ነው» አሉኝ። «ያንተን ተናግረሃል። ነገ ጠዋት ና፤ የሚለቀለቅ ፎቶ አለ።»

ሄድኩ። ክረምቱን ሙሉ፣ ክረምቱም ካለፈ በኋላ ሄድኩ። እናቴ ለብዙ ጊዜ በስሜ ሳትጠራኝ ቆየች። በአቶ ገብሬ በረንዳ ፊት ማለፍ አልችልም ነበር፤ በዳገቱ ዞሬ ነው የምመጣው። ቀና ብዬ የምገባበት በር የጋሼ ፎቶ ብቻ ነበር። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ እጄን ማለቅለቅ፣ ዓይኔን ደብተሩ ላይ የሚጻፈውን ቀለም መለየት አስለመዱኝ እንጂ። ሰፈሩ ጋሼ ፎቶ ይላቸው ነበር። ስማቸው አቶ ደምሴ ወልደ ሰንበት ነው።